መሶብ የሚመስለው ድንጋይ

የዚህ ወር ጥያቄዎች ሁሉም አንድ ድንጋይ ላይ ተሰበሰቡብኝ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ባለፈው እትም አውጥተን መልሱን ለዚህ ወር አሳድረነው ነበር። እሱን ያነበቡ ሌሎች ሦስት ሰዎች ደግሞ የየራሳቸውን ጻፉልን። አንድ ላይ እንያቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ሰሜን እንግሊዝ ነው። ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መንከባከብ ነው። አውቶቡስ የምጠብቅበት ቦታ ፊት ለፊት ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ አለ፤ ታች ቤቲንግ ቤት ሆኗል። ከላይ ግን ድንጋይ ላይ የመሶብ ክዳን የመሰለ ነገር ተቀርጿል። እውነቴን ነው፣ ቁርጥ የእናቴ መሶብ! ከሥሩ የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚል ጽሑፍ፣ "ሊሚትድ" የሚል ቃልና ሁለት የተለያዩ ዓመተ ምሕረቶች አሉ። የምንከባከባቸውን ሴትዮ ስጠይቃቸው ሳቁና አራት አሃዝ ያለው ቁጥር ነገሩኝ። "የእናቴ ቁጥር ነው" አሉኝ። አንዳንዴ የልጃቸው ስም እንኳ የሚጠፋባቸው ሴት ናቸው። ነገሩ ምንድን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ መሶብ አይደለም፤ ግን ብዙም አልራቅሽም። ቀፎ ነው። የእኛ ባህላዊ ቀፎ ረዘም ያለ ስለሆነና ዛፍ ላይ ስለሚጋደም ወደ አእምሮሽ አልመጣም። የድሮ እንግሊዞች ቀፎ ከገለባ የሚሠራ ነበር። ገለባውን እየጠቀለሉ፣ ልክ እናቶቻችን ስፌት እንደሚሰፉት፣ ዙሩን በዙር ላይ እየደረቡ ያሳድጉትና እንደ ቆብ ይደፉታል። ለዚህ ነው መሶብ የመሰለሽ፤ አሠራሩ የአንድ ቤት ልጅ ነው። ነገ አውቶቡስ ስትጠብቂ ቀና ብለሽ ከታች በኩል እይው። ንቦቹ የሚገቡባት ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቀራጩ እጁ የተፈታ ከሆነ ዙሪያውን የሚበሩ ሁለት ሦስት ንቦችም ሳያኖርበት አልቀረም።

ንብ ለምን ተመረጠች? ብዙ ሆነው ይሠራሉ፣ ማሩን አንድ ቤት ያስቀምጣሉ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ከዚያው ይበላሉ። የኅብረት ሥራ ሱቆች ይህን ምልክት ወደዱት። አንዳንዱ ሕንፃ ላይ በቀፎ ፈንታ የስንዴ ነዶ ታገኛለሽ፤ ሌላው ላይ የተጨባበጡ ሁለት እጆች። ከሥሩ "አንድነት ኃይል ነው" ወይም "እያንዳንዱ ለሁሉም፣ ሁሉም ለእያንዳንዱ" የሚል ይጻፋል። እኛ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንለው ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ብዙዎቹ ከድርና ከማግ ጋር የሚውሉ ሸማኔዎች ነበሩ።

ወደ ጽሑፉ እንምጣ። "ሊሚትድ" የሚለው ቃል ዕድሜ ይናገራል። እንግሊዝ ውስጥ የእነዚህ ማኅበራት አባላት ኃላፊነት የተወሰነ እንዲሆን ሕግ የፈቀደው በ1862 ነው (ካልነገርኳችሁ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ትርጉሙ ማኅበሩ ቢከስር አባሉ የሚያጣው ያስገባትን ገንዘብ ብቻ ነው፤ አልጋውና ድስቱ በዕዳ አይሸጥም ማለት ነው። ስለዚህ ያቺ ቃል ካለች ድንጋዩ የተቀረጸው ከ1862 በኋላ ነው። ሁለቱ ዓመቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ናቸው፦ የቀደመው ማኅበሩ የተቋቋመበት፣ የኋለኛው ሕንፃው የተሠራበት። በሁለቱ መካከል ያለውን ዘመን ቁጠሪው። ምናልባት ያን ሁሉ ዓመት በሰው ቤት ተከራይተው ሲነግዱ ቆይተው ይሆናል የራሳቸውን ግድግዳ ያቆሙት። ሌላ ቁጥር ካየሽም አትደናገሪ፤ ማኅበሩ ስንተኛ ቅርንጫፉ እንደሆነ የሚናገር ነው።

አሁን ወደ ሥሩ ልውሰድሽ። ማንችስተር አጠገብ ሮችዴል የምትባል ከተማ አለች። በዚያ ዘመን የሱፍ ጨርቅ ይሸመንባት ነበር። የ1840ዎቹ መጀመሪያ ለሸማኔ ክፉ ጊዜ ነው። ደሞዝ ወርዷል፣ ሥራ ጠፍቷል፣ ባለሱቅ ዘንድ ዱቤ የተጻፈበት ሰው ደግሞ ሌላ ቦታ ሄዶ መግዛት አይችልም፤ የሰጡትን ይዞ ይሄዳል። የሚሰጡትም ንጹህ አልነበረም። ዱቄት ውስጥ ጠመኔ፣ ስኳር ውስጥ አሸዋ፣ ሻይ ውስጥ የሌላ ተክል ደረቅ ቅጠል። በርበሬ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ ገብቶ የተሸጠለት ሰው ማብራሪያ አይፈልግም።

28 ሰዎች ተሰበሰቡ። በሳምንት 2 ፔኒ፣ ኋላ ላይ 3 ፔኒ እያዋጡ (ዕጣ የማይወጣበት ዕቁብ በይው) 28 ፓውንድ ሞላላቸው። ቶድ ሌን የሚባል መንገድ ላይ ቁጥር 31፣ የአንድ መጋዘን የታችኛውን ወለል በዓመት 10 ፓውንድ ተከራዩ። ዲሴምበር 21 ቀን 1844፣ ቅዳሜ ማታ፣ በራቸውን ከፈቱ። የነበራቸው ዕቃ ሁሉ ተደምሮ 16 ፓውንድ ከ11 ሺሊንግ ከ11 ፔኒ ነው። ወደ እኛ መለኪያ ስመልሰው ቅቤው 13 ኪሎ አይሞላም፣ ስኳሩ 25 ኪሎ ግድም፣ ዱቄቱ 3 ኩንታል ገደማ፣ አንድ ጆንያ የአጃ ዱቄትና ጥቂት የሞራ ሻማ። በቃ። ዛሬ ሰፈራችን ያለች ጉሊት ከዚህ የሚበልጥ ትደረድራለች። የሰፈሩ ልጆች ውጭ ቆመው መዝጊያው ሲነሳ አላገጡባቸው ይባላል። አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

በእኛ አቆጣጠር 1837 ዓ.ም መሆኑ ነው። ሸዋ ላይ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ፤ ካሳ ኃይሉም ገና ቴዎድሮስ አልተባለም።

የሴትዮዋ ቁጥር እዚህ ጋ ይመጣል። የሮችዴሎች ዘዴ ዕቃ ማርከስ አልነበረም። በገበያው ዋጋ ይሸጣሉ፤ የተረፈውን በየጊዜው ያሰሉና ለአባላቱ ይመልሳሉ። የሚመለሰው ግን ብዙ ገንዘብ ላስገባ ሳይሆን ብዙ ለገዛ ነው። በብር እንየው። ማኅበሩ በዚህ ሩብ ዓመት ለአንድ ብር 10 ሳንቲም እመልሳለሁ አለ እንበል። የ12,000 ብር አስቤዛ የገዛችው እናት 1,200 ብር ታገኛለች፤ የ3,000 ብር የገዛችው 300 ብር። ስብሰባ ላይ እጅ ሲወጣ ግን ሁለቱም አንድ አንድ ድምፅ ናቸው። ይህን ለማስላት ማን ምን ያህል እንደገዛ መታወቅ አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ቁጥር ነበረው፤ በገዛ ቁጥር ባንኮኒው ላይ ቁጥሩን ይናገራል፣ ሻጩ ይጽፋል። ልጅ ሱቅ ሲላክ መጀመሪያ የሚያስጠኑት እሱን ነበር። ቁጥሩን አሳስቶ የተናገረ ልጅ የእናቱን ገንዘብ ለጎረቤት ሰጠ ማለት ነው፤ ቤት ሲደርስ የሚጠብቀውን አንቺው ገምቺ። የምትንከባከቢያቸው ሴትም ልጅ ሆነው በኩርኩም የተማሩትን ነው የነገሩሽ። እስቲ ሌላ ቀን ደግሞ ገንዘቡ ሲመለስ እናታቸው ምን ይገዙበት እንደነበር ጠይቂልኝ። እኔ ከሰማኋቸው ብዙዎቹ የልጆች ጫማ ይላሉ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኅብረት ሥራ ተማሪ ነኝ። መምህራችን የዓለም የመጀመሪያው የኅብረት ሥራ ማኅበር ሮችዴል ነው ብሎ አስተምሮናል። ጓደኛዬ ደግሞ ስኮትላንዶች ይቀድማሉ ብሎ ይከራከረኛል። "የመጀመሪያው" ተብሎ ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ያልቅለታል እንጂ! ፈተና ላይ የቱን ልጻፍ?

መልስ፦ ፈተና ላይ መምህርህ ያለውን ጻፍ፣ ነጥብህን አትጣ። ክርክሩን ግን ጓደኛህ አሸንፎሃል። ስኮትላንድ ውስጥ ፌንዊክ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ያሉ ሸማኔዎች በ1761 ማኅበር መሠረቱ፤ በ1769 ደግሞ የአጃ ዱቄት በጅምላ እየገዙ ለአባላት ማከፋፈል ጀመሩ። ይህ ከሮችዴል 75 ዓመት ይቀድማል። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹም ብሪታንያ ውስጥ ብዙ የኅብረት ሱቆች ተከፍተው ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ሮችዴል ራሷ ውስጥ፣ እዚያው ቶድ ሌን ላይ፣ በ1833 አንድ ሱቅ ተከፍቶ በ1835 ተዘግቷል። ምን ገደለው? ዱቤ።

እኔን የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። 28ቱ ሰዎች የወደቀውን ሱቅ ያውቁታል፤ በዚያው መንገድ እያለፉ ነው የኖሩት። ስለዚህ ደንባቸው ውስጥ እጅ በእጅ ካልሆነ አይሸጥም አሉ። ድሃ ለድሃ "ዱቤ የለም" ብሎ መለጠፍ ቀላል ነገር አይደለም፣ ያውም ያ ሁሉ ሰው በዱቤ በሚኖርበት ሰፈር። ከዚያ ሌሎቹ ደንቦች ተከተሉ፦ አባልነት ለሁሉም ክፍት ነው፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ፣ በገንዘቡ ላይ የሚከፈለው ወለድ የተወሰነ ነው፣ ትርፉ በግዢው ልክ ይመለሳል፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ ባንኮኒው ላይ አይወጣም፣ ከትርፉም ለትምህርት ይቀነሳል። ከሱቁ በላይ ቤተ መጻሕፍትና የንባብ ክፍል ከፍተው ነበር። ሸማኔው ዱቄቱን ይዞ ደረጃውን ወጥቶ ጋዜጣ ያነባል።

ስለዚህ መጀመሪያ መሆናቸው ላይ አትድረቅ። እነሱ ያገኙት ሳይዘጋ የሚቆይ አሠራር ነው፤ ሌሎች አዩና ገለበጡት። በ1863 የሰሜኑ ማኅበራት ተሰባስበው በጅምላ የሚገዛላቸውን ድርጅት ማንችስተር ላይ አቋቋሙ፤ በ1895 ደግሞ ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት ለንደን ላይ ተመሠረተ። አንተ የምትማረው መርህም ተሻሽሎ ተሻሽሎ የመጣው ከዚያች መጋዘን ነው። ድንጋይ ላይ ስለተጻፈ ያልቅለታል ያልከውን ግን ተወው። ድንጋይ የሚያስቀርጸው ከፋዩ ነው። "የመጀመሪያው" የሚል ጽሑፍ ስታይ ከየት ሰፈር፣ ከምን ዓይነቱ ብለህ ጠይቅ።

ደግሞ ቶድ በእንግሊዝኛ የጓጉንቸር ዘመድ ናት፤ መንገዱ ግን ከእሷ ጋር ዝምድና የለውም ይላሉ። የአካባቢው ሰው "አሮጌው መንገድ" ሲል ቃሉን እየዋጠ ስለሚናገር ነው ቶድ ሌን ሆኖ የቀረው።

ሱቁ ራሱስ? ማኅበሩ አድጎ በ1867 እዚያው መንገድ ላይ ትልቅ ሕንፃ ሠርቶ ወጣ። አሮጌው ቤት ለሌላ ሰው ሌላ ንግድ ሆነ። ዋጋውን ያዩት ዘግይተው ነው። መልሰው ገዝተውት በ1931 ሙዚየም ሆነ፤ ዛሬም አለ። የመጀመሪያዋ ማታ የታየችውን ባንኮኒና ሚዛን አስመስለው አስቀምጠዋታል። በአካባቢው ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ሂዱና እዩት።

ጥያቄ፦ ሰላም። እኛ እዚህ እንግሊዝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር አለን። ለበዓልና ለስብሰባ የምንከራየው አዳራሽ የድሮ የኅብረት ሱቅ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ነው። የግድግዳው ድንጋይ ጠቁሯል፤ ጽሑፉ አይነበብም። ወጣቶቹ በሽቦ ብሩሽና በውኃ መግፊያ ማሽን እናጽዳው ይላሉ። ምን ትላለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማሽኑን ከእጃቸው ቀማቸው! እዚያ አገር፣ በተለይ ሰሜኑ ላይ፣ ብዙው የግንባታ ድንጋይ አሸዋማ ነው። ጥቁሩ ነገር የመቶ ዓመት የድንጋይ ከሰል ጥላሸት ነው። የድንጋዩ የላይኛው ቆዳ ከተገፈፈ ውስጡ እንደ ደረቅ ብስኩት ይፈረፈራል፤ ፊደሎቹም አብረው ይሄዳሉ። አሲድም አይነካው። ቀለምም አትቀቡት።

አሁን ማንበብ ብቻ ከፈለጋችሁ ቀላል መንገድ አለ። ጨለምለም ሲል ውጡና ጠንከር ያለ የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲሄድ አድርጋችሁ አብሩ። ፊት ለፊት አይደለም፣ ከጎን። የተቦረቦረው ፊደል ጥላ ይይዛል፤ ቀን የማይታየው ሁሉ ይወጣል። ከግራ አንድ፣ ከቀኝ አንድ፣ ከላይ አንድ ፎቶ አንሱ። ሦስቱን አስተያይታችሁ ነው የምታነቡት። የሰው ስሞች ካገኛችሁ አትገረሙ። ብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊውና አባላቱ ተጽፈዋል። እኛ የምናውቀው የመሠረት ድንጋይ "በክቡር እገሌ ተቀመጠ" የሚል ነው፣ አንዳንዴም ሕንፃው ቀርቶ ድንጋዩ ብቻ ሣር ውስጥ ቆሞ ይቀራል። እዚያ ላይ የተጻፈው ክቡር ግን ቀን ፋብሪካ ውሎ ማታ ስብሰባ የሚመራ ሠራተኛ ሊሆን ይችላል።

ማጽዳቱ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ባለቤቱን፣ ከዚያ የከተማውን ምክር ቤት ጠይቁ። ሕንፃው በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ያለ ፈቃድ መነካካት ወንጀል ነው። ተከራይ ናችሁ፤ ኪራዩም ውድ ነው፣ ሌላ ጣጣ አትጨምሩበት።

ጥያቄ፦ ለአዘጋጁ። ጡረታ ወጥቻለሁ። በደርግ ጊዜ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ነበርኩ። ባለፈው እትም የልጅቷን ደብዳቤ ሳነብ ቆጨኝ። የእኛ ሱቅ ዛሬ ሞባይል ይሸጥበታል፤ ምን እንደነበር የሚናገር አንዲት ምልክት የለውም። ለእኛስ ድንጋይ አይገባንም?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት ጥያቄ ከሁሉም ከበደኝ። ድፍረት አይሁንብኝና የቀበሌ ሱቅና የሮችዴሉ ሱቅ አንድ አይደሉም። እዚያ 28ቱ ራሳቸው መጥተው ነው የገቡት፤ የፈለገ ይወጣል። የእኛው 1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ በኋላ በተቋቋመው ቀበሌ በኩል ከላይ የመጣ ነው። አባል ልሁን አልሁን ብሎ የተጠየቀ ሰው አላውቅም። ትርፉ ተሰልቶ ለእናቴ ሲመለስላትም አላየሁም። ያም ሆኖ ስኳሩ፣ ሳሙናው፣ ዘይቱ የመጣው ከዚያ ነው። ስንት ቤት በዚያ ኩፖን ልጅ አሳድጓል። ያለ ምልክት መቅረቱ እኔንም ይቆጨኛል።

ኋላ በ1991 ዓ.ም የወጣው አዋጅ 147፣ በ2009 ዓ.ም ደግሞ እሱን የተካው አዋጅ 985 ነገሩን ወደ መርሁ መለሱት፦ በፈቃድ የሚገባበት፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ። ዛሬ የሸማቾች ማኅበር የምንለው በዚህ ሕግ የሚሠራ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ከቶድ ሌኑ ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን የሰፈራችን ሸማቾች ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሄድነው? ዘይት መጣ ሲባል እንሮጣለን፣ ስብሰባ ሲጠራ ቤታችን ነን። እኔም ሄጄ አላውቅም፤ አልዋሽዎትም።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ ብዙ ሰው አያውቀውም። ኅዳር 2009 ዓ.ም የዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ኮሚቴ ጉባኤውን ያደረገው አዲስ አበባ ነበር። የገዳ ሥርዓት የተመዘገበበት ጉባኤ ነው፤ እሱን ሁላችንም እናስታውሳለን። በዚያው ጉባኤ ላይ ጀርመን ያቀረበችው "በኅብረት ሥራ ማኅበር የመደራጀት ሐሳብና ልምድ" የሚልም ተመዝግቧል። ዕውቅናውን ያገኘው እዚሁ እኛ ከተማ ውስጥ ነው ማለት ነው።

የድንጋዩን ነገር ካነሱ አይቀር፣ በእኛ ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ድንጋይ ነበር እኮ! ወረፋው። ስኳር ይመጣል በተባለ ሌሊት፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ ሰው ድንጋዩን አስቀምጦ ቤቱ ይመለስ ነበር። የእኛ ቤት ምልክት አንድ ጫፉ የተሸረፈ ጡብ ነው፤ እናቴ በከሰል አንድ መስመር አስምራበት ነበር። ከፊቱ የወይዘሮ እገሌ የተሰበረ ድስት፣ ከኋላው ሽቦ የታሰረበት ጥቁር ድንጋይ። ሲነጋ ሰዎቹ መጥተው እያንዳንዱ ከየራሱ ድንጋይ ጀርባ ይቆማል። አንድ ቀን ጡባችን ስድስት ቦታ ወደ ኋላ ተገፍቶ አገኘነው። እናቴ ማን እንደገፋው ታውቃለች፣ ሰውየውም እንደምታውቅ ያውቃል፤ ሁለቱም ሳይተያዩ ስኳራቸውን ይዘው ሄዱ። ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ይህን ሁሉ ያዩት እርስዎና ባልደረቦችዎ ናችሁ።

ለዚያ ሱቅ ጽሑፍ አውጣ ቢሉኝ የማን ዘመን እንደነበር አልጽፍም። ከስንት እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት እንደሠራ፣ ለአንድ ቤተሰብ በወር ስንት ኪሎ ስኳር ይደርስ እንደነበርና አንዱ ኪሎ ስንት ብር እንደሚሸጥ ነው የማስቀርጸው። ቁጥሮቹ እኔ ዘንድ የሉም። እርስዎ ግን ግምጃ ቤት ነበሩ፤ ሳይረሱት ይጻፉልኝ፣ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።